ደመወዝ የልባችንን ይናገራል ወይስ የገበያውን?

ጠመኔ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላንሳና ተከራከሩበት። የትም አገር ያለን ሰው "በጣም የምታከብረው ሥራ የትኛው ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። መምህር፣ ነርስ፣ ሐኪም፣ እሳት አደጋ ተከላካይ ይላችኋል። ቀጥላችሁ "ነገ ጠዋት ቢቆም ኑሮህን የሚያናጋው ሥራስ?" በሉት። ገበሬው፣ ሹፌሩ፣ ውኃ የሚያጣራው፣ ቆሻሻ የሚያነሳው ይመጣሉ። ከዚያ የደመወዝ መዝገቡን ግለጡ። ከሁለቱም ጋር የማይገጥም ሦስተኛ ዝርዝር ታገኛላችሁ። ከላይ የተቀመጡት ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱ፣ ድርጅት የሚመሩ፣ ሕዝብ የሚያዝናኑ ናቸው። ከታች ደግሞ ሕፃን የሚያሳድጉ፣ አዛውንት የሚያጥቡ፣ ወለል የሚጠርጉ።

እኔ የማምነው አንድ ኅብረተሰብ የሚወደው ነገር ከንግግሩ ይልቅ በሚከፍለው ገንዘብ ይታወቃል ብዬ ነው። መምህር ነኝ፣ ስለዚህ ገለልተኛ አይደለሁም። "መምህርነት የሙያዎች ሁሉ እናት ነው" የሚለውን ንግግር በየመድረኩ ሰምቻለሁ። የሚናገሩት ሰዎችም ከልባቸው ይመስለኛል። ግን እነዚያው ሰዎች ልጃቸው "መምህር ልሁን" ሲላቸው ይደነግጣሉ። የትኛው ነው እውነተኛ እምነታቸው? ንግግሩ ወይስ ድንጋጤው?

እባካችሁ "ዓለም እንዲህ ናት" ብላችሁ አትለፉኝ። ለምን እንዲህ እንደሆነች ንገሩኝ።

ቀመር

ጠመኔ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ መነሻህ ላይ ግን አልስማማም። ደመወዝ ሽልማት አይደለም፣ ዋጋ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አዳም ስሚዝ በ1776 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ይህንኑ ግራ መጋባት በውኃና በአልማዝ አንስቶት ነበር። ውኃ ከሌለ እንሞታለን፣ ግን ርካሽ ነው። አልማዝ ብዙም የማይጠቅም ነገር ሆኖ ሳለ ውድ ነው። ነገሩ በደንብ የተብራራው በ1870ዎቹ ነው። ሰው የሚከፍለው በዓለም ላለው ውኃ ሁሉ አይደለም፣ ለሚጨመርለት አንድ ብርጭቆ ነው። ውኃ በብዛት ስላለ ያቺ አንዷ ብርጭቆ ርካሽ ናት።

ሥራም እንደዚሁ ነው። ገበያው "መምህራን ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር?" ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው "ይህ አንድ መምህር ቢሄድ ሌላ በስንት እናገኛለን?" ብሎ ነው። መምህር መሆን የሚችልና የሚፈልግ ሰው ብዙ ስለሆነ መልሱ ዝቅተኛ ይወጣል። ይህ ንቀት አይደለም። እንዲያውም ብዙ ጥሩ ሰው ሥራውን ስለወደደው የመጣ ውጤት ነው።

የሌሊት ነርስ

ቀመር፣ አገላለጽህ ግልጽ ነው፣ ግን በየቀኑ ከማየው ጋር አልገጥም አለኝ። እጥረት ዋጋ ያንራል ካልክ የነርስ እጥረት ስንት ዘመን የተወራለት ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ወደ 28 ሚሊዮን የሚጠጉ ነርሶች እንዳሉና ወደ 6 ሚሊዮን ገደማ እንደሚጎድሉ ጽፏል። ስድስት ሚሊዮን ሰው ከጎደለ በአንተ ሒሳብ ደመወዛችን ጣሪያ መንካት ነበረበት። የሆነው ግን ሌላ ነው። አንዷ ስትለቅ የእሷ በሽተኞች ለቀረነው ይከፋፈላሉ። ጉድለቱ በእኛ ጀርባ ይሸፈናል፣ ዋጋው ሳይነቃነቅ።

ደግሞ አልማዝ ሻጩ ዋጋው ካልተስማማው ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል። እኔ በሽተኛዬን አልጋ ላይ ጥዬ መሄድ አልችልም። አልፈልግምም። አሠሪዬ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ደመወዜ ሲወሰን ጠረጴዛው ላይ ያለው ይህ ነው እንጂ የእኔ ብዛት አይደለም። ስለዚህ "ንቀት አይደለም" ስትለኝ ልቀበልህ እችላለሁ፤ "ገበያ ነው" ስትለኝ ግን አይዋጥልኝም።

ቀመር

እህቴ፣ ያነሳሽው ነገር እውነተኛ ነው፣ በሙያው ስምም አለው። ብዙ ሻጭ እያለ ገዢው አንድ ወይም ጥቂት ሲሆን ሞኖፕሶኒ ይባላል። ጆአን ሮቢንሰን የምትባል እንግሊዛዊት የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1933 ሰፋ አድርጋ ተንትናዋለች። በአንድ አካባቢ ያለው ትልቅ ሆስፒታል አንድ ብቻ ከሆነ ነርሷ የት ትሄዳለች? እንዲህ ባለ ገበያ ቀጣሪው ሠራተኛ ጎድሎትም እንኳ ደመወዝ ባይጨምር ይመርጣል። ለአዲሷ ከጨመረ ለነባሮቹም ሁሉ መጨመር ስላለበት። እጥረትና ዝቅተኛ ደመወዝ ጎን ለጎን ለዓመታት ሊኖሩ ይችላሉ ማለት ነው።

ሌላም ልጨምር። ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቆች በ1966 የኪነ ጥበብ ሰዎችን ገቢ ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። አራት ሰው የሚጫወተው የሙዚቃ ድርሰት ከሁለት መቶ ዓመት በፊትም ዛሬም አራት ሰውና ያንኑ ያህል ሰዓት ነው የሚጠይቀው። ፋብሪካ ውስጥ ግን አንድ ሠራተኛ በሰዓት የሚያመርተው ስንት እጥፍ አድጓል። ማስተማር፣ ማስታመም፣ ሕፃን መያዝ ከሙዚቃው ወገን ናቸው። አንድ አዛውንትን ገላ ማጠብ በግማሽ ሰዓት ከሆነ ግማሽ ሰዓት ነው፣ በሩብ ሰዓት ካደረግሽው ሥራው ራሱ ይበላሻል። ስለዚህ የእነዚህ ሙያዎች ደመወዝ ከሌላው እኩል ይደግ ከተባለ አገልግሎቱ ከዓመት ዓመት እየተወደደ ይሄዳል። በጀት የሚይዘው ሰው ይህን ሲያይ "ወጪ ናረብኝ" ይላል፣ የሚቆርጠውም ከዚያው ነው።

ጠያቂው

እሺ ሁላችሁም ገባኝ። ግን ሥራውን የሚወድ ሰው ግማሽ ክፍያውን በደስታ እየተቀበለ አይደለም እንዴ? ብዙ ገንዘብ ከፈለገ ሌላ ሙያ ይግባ። ማን ከለከለው?

ጠመኔ

ጠያቂው፣ የባንክ ኃላፊም ሥራውን ይወዳል። የቀዶ ሕክምና ሐኪምም ይወዳል። የታወቀ ኳስ ተጫዋች ከሁላችን በላይ ይወዳል። "ስለምትወደው በትንሹ ሥራ" የሚባሉት ለምን አስታማሚና መምህር ብቻ ሆኑ? ፍቅር ከደመወዝ ላይ የሚቀነስ ከሆነ ከሁሉም ላይ ይቀነስ።

መዝገብ

ልጆች፣ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የታሪክ መጽሐፍ ነው ጓደኛዬ፣ ስለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በ301 (በፈረንጆች አቆጣጠር) የሮማው ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ የዋጋና የደመወዝ ጣሪያ የሚደነግግ አዋጅ አወጣ። ድንጋይ ላይ ስለተቀረጸ ብዙው ክፍል ዛሬም ይነበባል። ፊደል የሚያስቆጥር መምህር በአንድ ልጅ በወር 50 ዲናር። የሒሳብ መምህር 75። ሰዋስው የሚያስተምር 200። የንግግር ጥበብ የሚያስተምር 250። ጠበቃ አንድ ክስ ቆሞ ቢከራከር 1,000። የእርሻ ቀን ሠራተኛ ምግቡን ጨምሮ በቀን 25፣ ቦይ የሚጠርገውም እንዲሁ 25።

እስቲ ተመልከቱት። የንግግር ጥበብ መምህሩ የፊደል መምህሩን አምስት እጥፍ ያገኛል። ያለ ፊደል ግን ንግግር ማን ይማራል? ልዩነቱ ከሥራው ክብደት አልመጣም። ፊደል የማንም ልጅ ይማራል፣ ንግግር ግን የባለሥልጣን ልጅ ነው የሚማረው። ደመወዙ የተማሪውን አባት ኪስ ተከትሎ ነው የሄደው። አሥራ ሰባት መቶ ዓመት አልፎት የሕፃናት መዋያ ሠራተኛና የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ልዩነት ከዚህ ብዙ የተለየ ነው ትላላችሁ?

ቀመር የጠቀሰው ስሚዝ ሌላም ነገር ብሏል። ደመወዝ የሚለያይባቸውን አምስት ምክንያቶች ዘርዝሯል፤ ሥራው ደስ ማሰኘቱ ወይም መክበዱ፣ ለመማር መቅለሉ ወይም ማስወጣቱ፣ ሥራው ዓመቱን ሙሉ መኖሩ ወይም መቆራረጡ፣ በሠራተኛው ላይ የሚጣለው እምነት፣ በሙያው የመሳካት ዕድል። በእሱ ዘመን በሞት የሚቀጣውን ሰው የሚገድለው ቀጪ ከሠራው ሥራ ጋር ሲነጻጸር ከማንኛውም ተራ ሙያ የተሻለ ይከፈለው እንደነበር ጽፏል፣ ሥራው እጅግ የተጠላ ስለሆነ። በዚህ ሒሳብ የፍሳሽ ጉድጓድ የሚጠርገው ሰው ዛሬ ሀብታም መሆን ነበረበት። ያልሆነው ምርጫ ስለሌለው ነው። ከባዱን ሥራ በውድ የምንገዛው ሠሪው "እምቢ" ማለት ሲችል ብቻ ነው።

የሌሊት ነርስ

ጋሽ መዝገብ፣ እግዜር ይስጥልን። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለሥራ ባልደረቦቼ ላክኋት።

ኮደሯ

እኔ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ልግባ። ፕሮግራመር ነኝ። ዛሬ ሙያችን ጥሩ ከሚከፈልባቸው አንዱ ነው፣ ሰውም "ከባድ ስለሆነ ነው" ይላል። በ1946 ይፋ የሆነውን ኢኒያክ የተባለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ያደረጉት ስድስት ሴቶች ነበሩ። ያን ጊዜ ክብሩ ሁሉ ለማሽኑ አካል ነበር፣ እሱን የሠሩት ወንዶች ነበሩና። ፕሮግራም መጻፉ የጽሕፈት ቤት ሥራ ዓይነት ተደርጎ ነው የታየው። የምረቃው ቀን ሴቶቹን ለእንግዶቹ ያስተዋወቃቸው አልነበረም። ከዚያ ሙያው ቀስ በቀስ የወንድ ሆነ፣ ክብሩም ደመወዙም አብሮ ወጣ።

በሌላው አቅጣጫም ይሠራል። ሌቫኖን፣ ኢንግላንድና አሊሰን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በ2009 ባወጡት ጥናት የአሜሪካን ሕዝብ ቆጠራ ከ1950 እስከ 2000 ተከታትለዋል። በአንድ ሙያ ውስጥ የሴቶች ድርሻ ሲጨምር፣ ትምህርቱና ልምዱ ከግምት ገብቶም፣ የሙያው ክፍያ ወደ ታች ይሄዳል። በመናፈሻና በካምፕ የመዝናኛ ሥራ የሚመሩ ሠራተኞች በአብዛኛው ወንድ ከነበሩበት በአብዛኛው ሴት ወደሆኑበት ሲሻገሩ የሰዓት ክፍያቸው 57 በመቶ ወርዷል። ሥራው ያው ነው። መናፈሻውም ያው። የተቀየረው የሠሪው ፆታ ነው።

ቀመር፣ ይህን በአንድ ብርጭቆ ውኃ ልታስረዳኝ አትችልም። እዚህ ላይ ጠመኔ ልክ ነው። ዋጋው ውስጥ አመለካከት አለ፣ የማን ሥራ "እውነተኛ ሥራ" እንደሆነ የሚወስን አመለካከት።

ነፃ ገበያ

እስካሁን ዝም ብዬ እያነበብኩ ነበር። ሁላችሁም በሽታውን ጥሩ አድርጋችሁ ነገራችሁን፣ መድኃኒቱ ነው የሚያስፈራኝ። "ለጠቃሚ ሥራ ብዙ ይከፈል" ማለት ቀላል ነው። ጠቃሚውን ማን ይወስናል?

በሶቪየት ኅብረት ደመወዝ የሚወሰነው በመንግሥት ነበር፣ በገበያ አልነበረም። እዚያ ሐኪሞች ከፋብሪካ ባለሙያ ያነሰ ነበር የሚከፈላቸው። ከሐኪሞቹ አብዛኞቹ፣ 70 በመቶ ያህል፣ ሴቶች ነበሩ። ኮደሯ ይህን በሁለት መንገድ ልታነቢው ትችያለሽ። አንደኛው የአንቺን ነጥብ ይደግፋል። ሁለተኛው ግን ገበያውን አውጥታችሁ ኮሚቴ ብታስገቡ የኮሚቴው አባላት ያንኑ አመለካከት ይዘው ጠረጴዛው ላይ እንደሚቀመጡ ነው። ኮሚቴው ብረትና ፋብሪካ ይወድ ነበር፣ ለብረትና ለፋብሪካ ከፈለ።

ሌላ ምሳሌ። ስዊዘርላንድ በኅዳር 2013 ሕዝቡን በቀጥታ ጠየቀች። በአንድ ድርጅት ውስጥ ከፍተኛው ደመወዝ ከዝቅተኛው ከ12 እጥፍ አይብለጥ? 65 በመቶው "አይሆንም" አለ። ማንም አላስገደደውም፣ በምስጢር ነው የመረጠው። ጠመኔ፣ ስለ ኅብረተሰብ እምነት ከጠየቅህ ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልስ አታገኝም።

ስለ ኳስ ተጫዋችና ስለ ዘፋኝ ደግሞ፣ እነሱ ከመምህር የበለጠ ስለተወደዱ አይደለም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ሸርዊን ሮዘን በ1981 እንዳብራራው አንድ መምህር ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ልጆች ብቻ ነው የሚደርሰው፣ አንድ ዘፋኝ ግን ያንኑ አንድ ዘፈን ለመቶ ሚሊዮን ሰው ይሸጣል። ከእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው ሳንቲም ነው። ሳንቲሙ ሲደመር ነው ተራራ የሚሆነው። እናንተ ለአንድ ዘፈን ከከፈላችሁት ይልቅ ለልጃችሁ መምህር በግብርም በክፍያም ብዙ እጥፍ ከፍላችኋል። ስለዚህ "ከመምህር ዘፋኝ ይበልጥባቸዋል" ማለት ስህተት ነው።

ጠመኔ

የዘፋኙን ነገር እቀበላለሁ። በዚህ መንገድ አስቤው አላውቅም፣ ከዚህ በኋላ ያንን ምሳሌ አልጠቀምበትም። የስዊዘርላንዱን ግን ግማሹን ነው የነገርከን። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ሌላ ድምፅ ተሰጥቶ ነበር። ትልልቅ አክሲዮን ማኅበራት ለአለቆቻቸው የሚከፍሉት በባለአክሲዮኖች ድምፅ ይጽደቅ፣ ሲገቡና ሲለቁ የሚሰጣቸው ጉርሻም ይከልከል የሚል ነው። ወደ 68 በመቶ የሚጠጋው ደግፎታል። ሕዝቡ ጣሪያ አልፈለገም፣ አለቆች የራሳቸውን ደመወዝ ራሳቸው እንዲወስኑ ግን አልፈቀደም። እኔ ከዚህ የማነበው "ልዩነት ይኑር" የሚል ሐሳብ ብቻ አይደለም። "በማን ነው የተወሰነው?" የሚል ጥያቄም አለበት። የሌሊት ነርስ ስትጮህበት የቆየችው እኮ ይኸው ነው።

የሌሊት ነርስ

በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ በብዙ አገር ሰዎች በረንዳ ላይ ወጥተው ያጨበጭቡልን ነበር። አልዋሽም፣ አልቅሻለሁ። ጭብጨባው እውነተኛ ነበር። ግን የቤት ኪራይ አይከፍልም። ወዲያው ደግሞ በየአገሩ "ወሳኝ ሠራተኛ" የሚባሉት ስም ዝርዝር ወጣ። ነርስ፣ የመደብር ገንዘብ ተቀባይ፣ የመጋዘን ሠራተኛ፣ ሹፌር፣ የጽዳት ሠራተኛ። ዝርዝሩን ያወጡት መንግሥታት ራሳቸው ናቸው። ጠመኔ መጀመሪያ ላይ ያልከው ሁለተኛው ዝርዝር ማለት ነው፣ ማኅተም ተደርጎበት። የደመወዝ መዝገቡ ግን ወረርሽኙ ሲያልፍ እዚያው ነበር።

ነፃ ገበያ፣ "ማን ይወስናል" ላልከው አንድ ነገር ልንገርህ። ጥቅምት 24 ቀን 1975 በአይስላንድ ከሴቶቹ 90 በመቶ የሚሆኑት በአንድ ቀን ሥራ አቆሙ። የቢሮውንም የቤቱንም። ትምህርት ቤቶችና መዋያዎች ተዘጉ፣ አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ቢሮ ገቡ። በዓመቱ ፓርላማው የፆታ እኩልነት ሕግ አወጣ። በ1980 ደግሞ ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲር በሕዝብ ምርጫ ፕሬዚዳንት ሆነች። ኮሚቴ አልነበረም። ሁሉም ሰው ለአንድ ቀን ያ ሥራ ሳይኖር ሲቀር ምን እንደሚመስል በዓይኑ አየ። እኔ እንዲታይልኝ የምፈልገው ይህ ነው። ነርሶች ግን እንዲህ ብናደርግ ሰው ይሞታል። ስለዚህ ለእኛ ሌላ መንገድ መገኘት አለበት።

አስታማሚ

መግባት አልፈለግሁም ነበር፣ ግን ስለ ደመወዝ እየተወራ ምንም የማይከፈለው ሥራ አለመነሳቱ ከነከነኝ። እናቴን ነው የማስታምመው። ሥራዬን ለቅቄ። እሷን የማደርግላትን ሁሉ ለጎረቤት እናት በክፍያ ባደርገው ሠራተኛ እባላለሁ፣ ጡረታ ይቆረጥልኛል፣ የአገሪቱ ገቢ ውስጥም እቆጠራለሁ። ለራሴ እናት ሳደርገው "ቤት ተቀምጣለች" ነው የምባለው።

ቀመር

አስታማሚ፣ እንኳን ገባሽ። ይህን አርተር ፒጉ የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1920 አንስቶታል። አንድ ሰው የቤት ሠራተኛውን ቢያገባት የአገሩ ገቢ ይቀንሳል አለ፣ ሥራው ያው ሆኖ ክፍያው ብቻ ስለሚቀር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ አቆጣጠሩ አሁንም እንደዚያው ነው። ሐሳቤን ትንሽ አስፍቼ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ክሩ ሲጀመር "ዋጋ ነው" ብዬ የዘጋሁት ነገር ብዙ በር እንዳለው እያየሁ ነው።

ደመወዝን የሚወስነው ጥቅም ሳይሆን ጥቅሙን በእጅ መያዝ መቻል ነው። ጠበቃ ለደንበኛው ሲያሸንፍ ጥቅሙ የሚደርሰው ከፊቱ የተቀመጠው፣ ቦርሳውን የያዘው ሰው ነው። መምህር ዛሬ የሚሠራው ሥራ ጥቅሙ የሚታየው ልጁ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ነው፣ ያውም ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤቱ፣ ለአሠሪው፣ ለማያውቃቸው ሰዎች ጭምር። ያ የሠላሳ ዓመት ሰው የመምህሩ ደመወዝ ሲወሰን ስብሰባው ላይ የለም። ፈጠራም ላይ ይኸው ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ዊልያም ኖርድሃውስ በ2004 ባወጣው ስሌት ከአዳዲስ ፈጠራዎች ከሚገኘው ጠቅላላ ጥቅም ፈጣሪዎቹ የሚያገኙት 2.2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ጆናስ ሳልክ በ1955 በተሳካለት የፖሊዮ ክትባት ላይ የባለቤትነት መብት አልተወሰደም፣ ስንት ልጅ ከሽባነት እንደዳነ አስቡት።

እዚህ ላይ ደግሞ ለጠመኔ እጅ እሰጣለሁ። ጥቅሙ ተበትኖ ሲቀር ሰብስቦ ሊከፍልበት የሚችለው ኅብረተሰቡ ብቻ ነው፣ በግብር፣ በበጀት። ካልከፈለ ገበያው አላስገደደውም። ምርጫው ነው።

ነፃ ገበያ

ቀመር፣ በዚህ እስማማለሁ፣ ግን ምርጫው የሚሠራው መለኪያ ሲኖር ነው። በ2009 አንድ የብሪታንያ የጥናት ድርጅት የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ለሚከፈላት ለእያንዳንዱ 1 ፓውንድ 10 ፓውንድ ጥቅም ታፈራለች፣ ከፍተኛ የባንክ ባለሙያ ግን ለእያንዳንዱ 1 ፓውንድ 7 ፓውንድ ያጠፋል ብሎ አስልቶ ነበር። ዓለም በገንዘብ ቀውስ ውስጥ በነበረበት ሰዓት የተሠራ ነው። በሌላ ዓመት ቢሠሩት ሌላ ቁጥር ይወጣ ነበር። በእንደዚህ ዓይነት ስሌት የሰው ደመወዝ ይወሰን ብትሉኝ እምቢ እላለሁ።

መዝገብ

ልጄ ነፃ ገበያ፣ ሁልጊዜ ስሌት አያስፈልግም። በየካቲት 1968 በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ ሁለት ቆሻሻ አንሺዎች ከዝናብ ሊጠለሉ የቆሻሻ መኪናው ውስጥ ገብተው ማሽኑ ጨፍልቆ ገደላቸው። 1,300 ጥቁር ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ደመወዛቸው ትንሽ ነበር፣ ሥራው አደገኛ ነበር። ይዘውት የወጡት ጽሑፍ ግን ስለ ገንዘብ አልነበረም። "እኔ ሰው ነኝ" የሚል ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሊደግፋቸው ሄዶ ነው ሚያዝያ 4 ቀን እዚያው የተገደለው። ከዚያ በኋላ ነው ከተማው ማኅበራቸውን ያወቀላቸውና ደመወዝ የጨመረላቸው። ሥራው ጠቃሚ መሆኑን ከተማው ከመጀመሪያውም አላጣውም። ያጣው ሠሪውን እንደ ሰው መቁጠር ነበር።

ጠመኔ

ጋሽ መዝገብ፣ አመሰግናለሁ። ነፃ ገበያ የጠየቀውን መለኪያ በሚመለከት አንድ የተሞከረ ነገር አለ፣ ረጋ ብላችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ።

በኒውዚላንድ ክሪስቲን ባርትሌት የምትባል የአረጋውያን ተንከባካቢ ነበረች። ለረጅም ዓመታት ሠርታ ክፍያዋ ከሕጉ ዝቅተኛ ደመወዝ እምብዛም አይበልጥም ነበር። ከማኅበሯ ጋር ሆና አሠሪዋን ከሰሰች። ክርክሩ "እዚህ ቤት ያለ ወንድ ይበልጠኛል" የሚል አልነበረም፣ በቤቱ ያሉት ጥቂት ወንዶችም ያንኑ ዝቅተኛ ክፍያ ነበር የሚያገኙት። ክርክሩ "ይህ ሥራ ርካሽ የሆነው የሴት ሥራ ስለሆነ ነው፣ ስለዚህ ተመሳሳይ ችሎታ፣ ኃላፊነት፣ ድካምና የሥራ ሁኔታ ካላቸው፣ በአብዛኛው ወንዶች ከሚሠሯቸው ሌሎች ሙያዎች ጋር ይወዳደር" የሚል ነው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2014 ይህ ንጽጽር በሕጉ ይፈቀዳል አለ። በ2017 መንግሥት ተስማማ። 55,000 ለሚሆኑ ተንከባካቢዎች ከ15 እስከ 49 በመቶ ጭማሪ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ 2 ቢሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ያህል።

አያችሁ፣ "ይህች ሴት ለኅብረተሰቡ ስንት ታፈራለች" ብሎ ያሰላ የለም። አራት ነገር ብቻ ነው የተጠየቀው። ምን ታውቃለች? ምን ተጥሎባታል? ምን ያህል ትደክማለች? በምን ሁኔታ ትሠራለች? ከዚያ ይህንኑ የሚያሟላ ሌላ ሰው ስንት ይከፈለዋል? ገበያው ራሱ ያወጣውን ዋጋ ነው መልሰው ያነበቡለት።

ኮደሯ

ጠመኔ፣ ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንንገር። በግንቦት 2025 የኒውዚላንድ ፓርላማ ሕጉን በአስቸኳይ ሥርዓት አሻሽሎ እንዲህ ያለ ጥያቄ ማቅረብን አከበደው። በሂደት ላይ የነበሩ 33 የክፍያ ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ቆሙ። ነርሶችም መምህራንም ነበሩባቸው። በጀት ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፣ በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብም ለመንግሥት ተረፈ። ይህን የምለው ሙከራው ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። በ2017 የከፈለውም በ2025 ያቆመውም ያው አገር ነው፣ ሥራውም አልተቀየረም፣ አረጋውያኑም አልቀነሱም። ቀመር "ምርጫ ነው" ያለውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላገኘሁም።

ጠያቂው

ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ግን አሁንም አልተመለሰም። ግብር ይጨመር ቢባል እዚህ ከጻፋችሁት መካከል ስንቶቻችሁ ትስማማላችሁ?

ቀመር

እኔ እስማማለሁ። የማስታመምና የማስተማር ወጪ ከሌላው እየተወደደ መሄዱ አይቀርም፣ ከላይ የጻፍኩት የባውሞል ነጥብ ነው። ግን እሱ ራሱ አቅም አለን የሚል ነበር፣ ምክንያቱም ሌላው ዕቃ ሁሉ በአንጻሩ እየረከሰ ስለሚሄድ። ልብስና ቴሌቪዥን ላይ የተረፈንን ገንዘብ ነርስ ላይ እናውለው ነው ነገሩ። አለመቻል ሳይሆን አለመፈለግ ነው የሚይዘን።

አስታማሚ

እኔም እስማማለሁ። አሁንም እየከፈልኩ ነው፣ ደረሰኝ የለውም እንጂ።

የሌሊት ነርስ

ጠያቂው፣ አዎ፣ እኔም ከደመወዜ ይቆረጥ። ጠመኔ፣ የአራቱን ጥያቄ ነገር ትናንት ፈረቃ ላይ ለልጆቹ አነሳሁላቸው፣ ሁሉም በየራሷ መጻፍ ጀመረች። "ኃላፊነት" በሚለው ሥር ብቻ ገጽ ሞላ። የመድኃኒት መጠን ማስላት፣ አንድ ነጥብ ቢሳሳት ሰው የሚጎዳበት። ሐኪም በሌለበት ሰዓት የበሽተኛው ሁኔታ መለወጡን ቀድሞ ማየት። ማን ተቀስቅሶ ይጠራ፣ ማን እስኪነጋ ይጠብቅ ብሎ መወሰን። ለቤተሰብ ክፉ ዜና መናገር። ይህ ሁሉ የቅጥር ደብዳቤያችን ላይ የለም፣ "ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎች" በሚለው ውስጥ ተጠቅልሏል። በማኅበራችን ቀጣይ ስብሰባ ላይ ይዤው እገባለሁ።

የከበደኝ ማወዳደሪያው ነው። በአብዛኛው ወንድ የሚሠራው፣ በፈረቃ፣ የሰው ሕይወት የተጣለበት፣ ፈጣን ውሳኔ የሚጠይቅ ሙያ መሆን አለበት። አንዷ እሳት አደጋ ተከላካይ አለች፣ ሌላዋ የአየር በረራ ተቆጣጣሪ። እኔ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ፣ አሠሪው ግን ሥልጠናው ይለያያል ብሎ እንደሚከራከር አውቃለሁ። የሁለቱን የሥራ ዝርዝር የሚያውቅ ካላችሁ ከስብሰባው በፊት ጻፉልኝ።